ዳዊት ይደገማል

እንደምን አመሻችሁ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ። ከሥራ ወጥታችሁ፣ የታክሲውን ሰልፍ ችላችሁ፣ አራት ኪሎ ድረስ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብዙዎቻችሁ እራት እንዳልበላችሁ ስለማውቅ አላረዝምባችሁም።

እዚህ አደባባዩ አካባቢ ጋዜጣ እየተከራዩ ሥራ የሚፈልጉ ልጆችን አይታችኋል። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ እኔም ከእነሱ ጋር ወራት ተቀምጫለሁ። ጠዋት እመጣለሁ፣ ሳንቲም ከፍዬ ጋዜጣውን እቀበላለሁ፣ የክፍት የሥራ ቦታውን ገጽ በጣቴ እየተከተልኩ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ፣ ስልክ ቁጥር ካገኘሁ መዳፌ ላይ እጽፋለሁ። በማግስቱም እንደዚያው። «ትናንት አንብቤያለሁ፣ ዛሬ ይቅርብኝ» ብዬ አላውቅም። ችግር ነበረብኛ። ተስፋዬ ደግሞ እዚያ ወረቀት ላይ ነበር።

አንድ ሰኞ አንድ መሥሪያ ቤት ለፈተና ጠራኝ። ስደርስ ቦታው ተይዟል ተባልኩ። ከለገሃር ተነስቼ የቸርችልን ዳገት እያለቀስኩ ወጣሁ፣ ሰው እያየኝ፣ እስከ ፒያሳ። አያቴ ያኔ ፒያሳ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር የምትኖረው። ዳዊቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። «ነይ ተቀመጪ፣ የሰኞዋን ልጨርስ» አለችኝ እንጂ ምን ሆንሽ አላለችኝም። ተቀመጥኩ። እሷም ድምፅዋን ሳትቀይር ቀጠለች፦ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?»

ደነገጥኩ። ዳገቱን ሙሉ እኔ ስለው የመጣሁት እኮ ይሄንኑ ነው! እንዲህ ያለ ነገር ለእግዚአብሔር ማለት ድፍረት ይመስለኝ ነበር። መጽሐፉ ውስጥ ግን ተጽፎ አለ፤ ጸሎት ሆኖ።

«እማማ፣ ይሄንን ስንት ጊዜ አንብበሽዋል?» አልኳት።

«ዳዊት ይነበባል እንዴ? ይደገማል እንጂ» አለችኝ።

ይህን ቃል እዩልኝ እስቲ። አንድ ጊዜ ጨርሰን የምናስቀምጠው ቢሆን «አነበበ» ይበቃን ነበር። አባቶቻችን ግን «ደገመ» አሉ። ለየቀኑ ድርሻ ሰጡት፤ የሰኞ አለው፣ የማክሰኞ አለው። ሰኞ ተመልሶ ሲመጣ ያው መዝሙር ይመጣል፤ አንቺ ግን ያለፈው ሰኞዋ ሴት አይደለሽም። ሳምንቱን ሙሉ የደረሰብሽን ይዘሽ ነው የምትመጪው።

ብዙ ወዳጆቼ «እምነቴ ትንሽ ይጠንክርና ማንበብ እጀምራለሁ» ይሉኛል። ይገባኛል፤ እኔም ብያለሁ። ጳውሎስ ግን ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አስቀምጦታል፦ «እምነት ከመስማት ነው መስማትም በእግዚአብሔር ቃል ነው»። መስማቱ ይቀድማል። ዕቁብ የምትጥሉ ሰዎች ይሄ ይገባችኋል። ገንዘባችሁን ትናንት ለተዋወቃችሁት ሰው አትሰጡም። ሰብሳቢውን ታውቁታላችሁ፤ ሲወጣ ሲገባ አይታችሁታል፤ ለሌላው በቀኑ ሲከፍል አይታችኋል፤ ስለዚህ ዕጣው ለእናንተ እስኪወጣ እንቅልፍ አይነሳችሁም። እግዚአብሔርንስ መች አየነው? ለአብርሃም ስንት ዓመት አቆይቶ ልጅ እንደሰጠ፣ ዮሴፍን እስር ቤት ውስጥ እንዳልረሳው፣ ጴጥሮስ ከካደው በኋላ እንዴት እንደጠራው ካላነበብን በምን እናውቀዋለን? ሳያውቁት ታመን የሚባል ሰው ይጨንቀዋል፤ የብዙዎቻችን ጭንቀት ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

ዘጸአት 16 ላይ መናው የሚለቀመው ጠዋት ጠዋት ነበር፣ ለዕለቱ የሚበቃ ብቻ። ለነገ ብለው ያሳደሩት ተላና ሸተተ። የሚያድረው ለሰንበት የተለቀመው ብቻ ነው። እኔ ይሄን ለንባብም እወስደዋለሁ። ቅዳሜ አንድ ላይ አነበዋለሁ ብዬ የተውኩት የማክሰኞን ልቤን አያጠግብም፤ ማክሰኞ ርቦኝ አልፏልና።

ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። አባ አብርሃም ይባላሉ፣ ፈረንጆቹ አቡ ሩሚ ይሏቸዋል፤ የጎጃም ሰው ናቸው። የዛሬ 200 ዓመት ገደማ ካይሮ ውስጥ ከአንድ ፈረንሳዊ ቆንስል ጋር በሳምንት ሁለት ቀን፣ በር ዘግተው፣ ቁጥር በቁጥር እያነበቡ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሱ። 10 ዓመት ፈጀባቸው። ታትሞ ሳያዩት በወረርሽኝ ሞቱ። ሙሉው መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ታርሟል፣ እንደገናም ተተርጉሟል፤ በእኛ አቆጣጠር የ1954ቱን ትርጉም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግን አንድ ሰው አንዷን ቁጥር እያገላበጠ አንድ ሙሉ ከሰዓት ሲቀመጥ ይታየኛል፣ እኔ በእናቴ ቋንቋ እንዳነባት። ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ጊዜ የለኝም ለምትሉ፣ የሐዋርያት ሥራ 8ን ክፈቱ። ያ የእኛው ጃንደረባ የንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ በእጁ ያለ ባለሥልጣን ነው፤ ኢሳይያስን የሚያነበው ግን መንገድ ላይ ነው፣ ሠረገላ ላይ። ከስታዲየም ባቡር የምትሳፈሩ፣ ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው። ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው ደግሞ አላፈረም፤ «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ እንጂ። ያልገባችሁን ያዙና መምህራችሁን ጠይቁ፤ ያልገባኝ አለ ብላችሁ ግን መጽሐፉን አትዝጉ። ከየት እንጀምር ካላችሁ ማርቆስ 16 ምዕራፍ ነው፤ በቀን አንድ አንድ ምዕራፍ ብትሉ ሦስት ሳምንት አይሞላም። አንድ ቀን ካመለጣችሁ በማግስቱ የዕለቱን ያዙ፤ ያለፈውን ዕዳ አትቁጠሩ።

ሥራውማ በማግስቱ አልመጣም። አራት ወር ቆየ። በእነዚያ አራት ወራት ጠዋት ከአያቴ ጋር ዳዊት እደግም ነበር፣ ከዚያ ወርጄ ጋዜጣዬን እከራያለሁ። የተለወጠው እንቅልፌ ነው። ሌሊት መባነኑ ቀረ።

ዛሬ አያቴ የለችም። ያ ሰፈርም ፈርሷል፤ ጎረቤቶቿ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ዳዊቷ ግን እኔ ጋ ነው፤ የገጹ ጠርዝ በጣቷ ወዝ የጠቆረው የት የት እንደሆነ አውቃለሁ። አንደኛው ይሄ ነው። መዝሙር 13ን አውጡልኝ፣ በአያቴ ዳዊት ቁጥሩ በአንድ ስለሚያንስ 12 ነው። 6 ቁጥር ብቻ ናት። «እስከ መቼ» እያለ ይጀምርና «እኔ ግን በቸርነትህ ታመንሁ» ላይ ይደርሳል፤ በመካከል ችግሩ ተፈታ የሚል አንድም ቃል የለም። አግኝታችኋል? የሌለው ከጎኑ ካለው ጋር ይይ። ድምፃችሁን አውጡ፣ አብረን እንድገመው።