ፍቅረኛዬ ሰደድ እሳት ላይ ነው፤ ስልኩ ለምን ዝም አለ?

የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከዋሽንግተን ግዛት ሦስት ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ሦስቱም ስለ ፍቅርና ስለ ሰደድ እሳት ናቸው። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ከዊንትሮፕ የደወለች እህት፦ «ከሲያትል ወደዚህች ትንሽ ከተማ ለሥራ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። በበረዶው ወራት ከአንድ የሰደድ እሳት ተከላካይ ጋር ተዋወቅን። አንለያይም ነበር። ከጁላይ ወዲህ ግን ሰውየው ጠፋ። ቴክስት ብልክለት ሦስት አራት ቀን መልስ የለም። ሲመጣም ይተኛል። ጓደኞቼ ‹ሌላ ይዞ ነው› ይሉኛል። ልተወው ወይስ ልጠብቀው?»

እህቴ፣ ገና አትተዪው። መጀመሪያ የሥራውን ባሕርይ እወቂ። አንድ ስምሪት አብዛኛውን ጊዜ 14 ቀን ነው፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። አንዳንዴ እስከ 21 ቀን ይራዘማል። ሆትሾት የሚባለው፣ ከባድ እሳት ላይ የሚላከው ቡድን ውስጥ ከሆነ፣ ወደ 20 ከሚሆኑ ሰዎች ጋር ዛሬ ዋሽንግተን፣ በሚቀጥለው ሳምንት አይዳሆ ሊላክ ይችላል። በቀን 16 ሰዓት የሚሠሩበት ጊዜ አለ። ሥራው ደግሞ ውሃ መርጨት ብቻ አይደለም። ፑላስኪ የሚሉት መሣሪያ አለ፤ ባንድ በኩል መጥረቢያ፣ በሌላው በኩል ዶማ ነው። በእሱ ቁጥቋጦውን ይመነጥራሉ፣ ሥሩን ይነቅላሉ፣ እሳቱ የሚበላው እንዲያጣ አፈሩ እስኪታይ ይፍቃሉ። ማታ እዚያው ተራራው ላይ የሚያድሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ኔትወርክ የለም። ስለዚህ የሦስት ቀን ዝምታ ስለ ልቡ ምንም አይነግርሽም።

ሲመለስ ያለው ዕረፍት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። ልብሱ ጭስ ጭስ ይላል፣ ያስለዋል፣ መዳፉ ተልጧል። በመጀመሪያው ቀን «እኛ ግን ወዴት እየሄድን ነው?» ብለሽ አትያዢው። ይብላ፣ ይተኛ። ሁለተኛው ቀን ያንቺ ነው። ኔትወርክ ሲያገኝ ቀድሞ የሚደውለው ለማን ነው? ዕረፍቱን ለማን ይሰጣል? በዚህ መዝኚው። ከተማ ውስጥ ሁለት ቀን ውሎ አንቺን ሳያይ ከተመለሰ፣ እሳቱን ሰበብ እያደረገ ነው። ያኔ እኔም ተዪው እልሻለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እነዚህ ሰዎች አደጋ ቢደርስ ለማን እንደሚደወል ቅጽ ላይ ያሰፍራሉ። ስምሽ እዚያ ከሌለ የሚደወለው ለወላጆቹ ነው፤ አንቺ ከፌስቡክ ልትሰሚ ትችያለሽ። ይህን የምለው ላስፈራራሽ አይደለም። ከዊንትሮፕ በስተሰሜን በፈረንጆቹ 2001 ሰርቲማይል በተባለው እሳት አራት፣ በ2015 ደግሞ በጎረቤት ከተማ በትዊስፕ አጠገብ ሦስት እሳት ተከላካዮች ሞተዋል። ግንኙነታችሁ የምር ከሆነ «ስሜን ጻፈው» በይው። የሚሰጥሽ መልስ ብዙ ይነግርሻል። የሚሄድበትን እሳት ስምም ጠይቂው፤ ትልልቆቹ እሳቶች ሁሉ ስም አላቸው። ኢንሲዌብ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በስሙ ፈልገሽ ሁኔታውን ማየት ትችያለሽ። ጠዋት አንዴ ይበቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ አትፍጠጪ።

ከሲያትል የደወሉ እናት፦ «ልጄ እሳት አጥፊ ወድጃለሁ አለችኝ። ግማሽ ዓመት ሥራ የለውም ይባላል። ሽማግሌ ቢልክ ምን ልበል?»

እናቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ጊዜያዊ ነው ወይስ ቋሚ? መጀመሪያ ይህን ይጠይቁ። ጊዜያዊው ወቅቱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል፣ ጡረታም የለውም። ቋሚው በየዓመቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። የፌዴራሉ መነሻ ደመወዝ ለረጅም ጊዜ ዝቅተኛ ነበር፤ ኮንግረስ ጭማሪውን ቋሚ ያደረገው በ2025 ነው። ዋናው ገንዘብ የሚገባው ግን በእሳቱ ወራት በኦቨርታይም ነው። ስለዚህ ያንን ገንዘብ ለበረዶው ወራት ማብቃቃት ያውቅበታል ወይ? ለእኔ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። ፈረንጅ ከሆነም ቤትዎ ይጥሩት። ሀይዌይ 20 በበረዶ ሲዘጋ ከዊንትሮፕ ሲያትል የሚመጣ ሰው ዞሮ ነው የሚመጣው። ያን ሁሉ ነድቶ የገና ዶሮ ሊበላ ከመጣ፣ ሽማግሌዎቹን በደስታ ይቀበሏቸው።

ከዌናቺ የደወለ ወንድም፦ «እኔ ራሴ እሳት ተከላካይ ነኝ። እጮኛዬ ሥራህን ተው ትለኛለች። ምን ልበላት?»

ወንድሜ፣ «ምንም አይደርስብኝም» አትበላት፤ አታምንህም። ይልቅ በየቀኑ የምትጠነቀቅባቸውን ነገሮች አስረዳት። እሳቱን የሚከታተል ቃፊር፣ የሬዲዮ ግንኙነት፣ የማምለጫ መንገድ፣ እሳት የማይደርስበት ቦታ። አራቱም ካልተሟሉ ሥራ እንደማትጀምር ከአንተ አፍ ትስማ። እንቅልፍ የሚነሳህ ነገር ካለም አትደብቃት፣ ባለሙያም አናግር። እሳቱ ፊት ሳትወጣ የምትሠራው ሥራም አለ፤ ስምሪት ክፍል፣ የመከላከል ትምህርት፣ ደን ማሳሳት። ውሳኔውን ግን በኦገስት፣ በሁለት ቀን ዕረፍት መሃል አትወስኑ። ኖቬምበር ላይ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ እሷም እስከዚያ እንድትታገሥህ ዛሬውኑ ደውለህ ለምናት።