ነፃ መስመር፣ ግን ለማን?

ናሆም፦ ሰላም፣ ከሐዋሳ ነን። ዛሬ ፍቅር ሐይቅ አጠገብ ቁጭ ብለን ነው የምንቀዳው። የባጃጅ ድምፅ ከሰማችሁ ይቅርታ፣ ዝም ልናሰኘው አልቻልንም።

ቤዛ፦ ባጃጁን ተወውና የአክስትህን ጉድ አውራ።

ናሆም፦ እሺ። አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ሻንጣዋ ሳይደርስ ቀረ። በእጇ የሰጧት ወረቀት ላይ በ+1 800 የሚጀምር ስልክ አለ። ከጎኑ ደግሞ "ነፃ" ይላል። እሷም ነፃ ከተባለ ነፃ ነው ብላ ከሞባይሏ ደወለች። የዚያን ቀን ጠዋት 100 ብር ካርድ ሞልታ ነበር።

ቤዛ፦ ሙዚቃ አሰሟታ።

ናሆም፦ ሙዚቃ ብቻ? በየመሃሉ "ጥሪዎ ለእኛ ጠቃሚ ነው" የምትል ሴትዮ አለች፣ በእንግሊዝኛ። ሰው ሳያነሳ ካርዱ ሙልጭ አለ። የተቆጣችው ግን እኔን ነው!

ቤዛ፦ "ሰው ሳያነሳ" ማለት አይሠራም እኮ። ማሽኑ አንስቷል። ለኔትወርኩ ማሽንም ያንሳው ሰው፣ ከተነሳ ተነሳ ነው። ከዚያች ሰከንድ ጀምሮ ይቆጥራል። ሙዚቃውን ያዳመጠችው በራሷ ሂሳብ ነው።

ናሆም፦ ታዲያ ነፃ ብሎ መጻፍ ምን ይባላል?

ቤዛ፦ ነፃ ጥሪ የሚባል ነገር የለም፣ አንዱ ይከፍለዋል። የእኛ ሰው ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ሚስኮል ስታደርግ ምን ማለትህ ነው? "ሂሳቡ ባንተ" ማለትህ አይደል?

ናሆም፦ ቆይ፣ የ800 ቁጥር ሚስኮል ነው እያልሽኝ ነው?

ቤዛ፦ የሀብታም ሚስኮል በለው! ድርጅቱ "ደንበኞቼ ይደውሉ፣ እኔ እከፍላለሁ" ብሎ ከሀገሩ የስልክ ኩባንያ ጋር ይዋዋላል። አሜሪካ ውስጥ ከ1967 ጀምሮ ያለ አሠራር ነው። ውሉ ግን እዚያው ነው የሚቀረው። ከሐዋሳ ስትደውል የእኛ ኦፕሬተር የዚያ ውል አካል አይደለም። ጥሪውን ባሕር አሻግሮ ለማድረስ እሱም ያወጣል። ያኛው ድርጅት ለእሱ አምስት ሳንቲም አይልክለትም። ስለዚህ እንደ ማንኛውም የውጭ ጥሪ ካንተ ይቆርጣል። ያውም ከገባ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይገባም።

ናሆም፦ ባይገባላት በተሻላት ነበር።

ቤዛ፦ አዎ! መቶ ብሯ ይተርፍ ነበር።

ናሆም፦ ግን እኔ ያየሁት ሌላም አለ፣ ፊቱ ላይ አንድ የሌለው። ዝም ብሎ +800 የሚል።

ቤዛ፦ እሱን ነው ሰው የሚያምታታው። እኛ 251 እንደምንባለው፣ 800 የማንም ሀገር ያልሆነ ኮድ ነው። ከኋላው 8 አሃዝ ይከተላል። የሚያድለው ጄኔቫ ያለው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ነው። ሐሳቡ ቆንጆ ነው፤ አንድ ቁጥር፣ በብዙ ሀገር ነፃ።

ናሆም፦ "ሐሳቡ" ስትዪ ገባኝ።

ቤዛ፦ ድርጅቱ ከየትኛው ሀገር እንዲደወልለት እንደሚከፍል ራሱ ይመርጣል። የዚያ ሀገር ኦፕሬተርም መስመሩን መክፈት አለበት። ሞባይል ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ መስመር 00 800 6 7 8 9 10 11 ነው። ለአባል ሀገሮቹ ነፃ ነው። ኅብረቱ ራሱ ግን አንዳንድ ኦፕሬተሮች ላያገናኙ ወይም ሊያስከፍሉ ይችላሉ ብሎ ያስጠነቅቃል።

ናሆም፦ እዚያው አውሮፓ?

ቤዛ፦ እዚያው! እንግሊዝም በ0800 የሚጀምረው ከቤት ስልክ ነፃ ሆኖ ከሞባይል ሲያስከፍል ኖሯል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከሞባይልም ነፃ ያስደረገው ገና በጁላይ 2015 ነው።

ናሆም፦ እና አክስቴ ምን ማድረግ ነበረባት?

ቤዛ፦ ተራውን ቁጥር መፈለግ። ድርጅቶቹ "ከውጭ ለሚደውሉ" ብለው ሌላ ቁጥር ያስቀምጣሉ። ያስከፍላል፣ ግን ቢያንስ እያወቅክ ነው የምትከፍለው። እኔ ብሆን ግን መጀመሪያ በዋትስአፕ ወይም በኢሜይል እጽፍላቸው ነበር። ደግሞ መልሳችሁ ደውሉልኝ ማለት ነውር የለውም። እዚህ ሆነህ ስታነሳ አይቆርጥብህም። ሮሚንግ ላይ፣ ማለትም የእዚህን ሲም ይዘህ ውጭ ሀገር ካለህ ግን ተጠንቀቅ፣ ማንሳትም ሊያስከፍል ይችላል።

ናሆም፦ ሚስኮል ካነሳን አይቀር፣ ከማታውቁት የውጭ ቁጥር አንዴ ጠርቶ ከጠፋ መልሳችሁ አትደውሉ። በጣም ውድ መስመር ላይ እንድትደውሉ ሆን ብለው የሚያደርጉ አጭበርባሪዎች አሉ።

ቤዛ፦ የእኛኑ ዘዴ በእኛው ላይ! ሻንጣውስ?

ናሆም፦ መጣ። በኢሜይል ጻፍኩላቸው፣ በሦስተኛው ቀን መለሱ። አክስቴ ግን እስካሁን መቶ ብሬን ትላለች። እ... ይኸው ስልኬ ጠራ።

ቤዛ፦ አንሳው እንጂ።

ናሆም፦ ተዘጋ። አክስቴ ናት።

ቤዛ፦ ሚስኮል?

ናሆም፦ ሚስኮል። አንድ ደቂቃ፣ ልደውልላት።