ስድስቱም ሜዳሊያ ከ1500 ሜትር፤ ስለ ፓራሊምፒክ ቡድናችን ለደወላችሁ አድማጮች

ባለፈው የስልክ ሰዓታችን ስለ ፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሊምፒክ) ቡድናችን ብዙ ሰው ደወለ። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ ሰዓቱም እየገፋን መልሴን ያሳጠርኩባችሁ ነበራችሁ። እነሆ ዘርዘር አድርጌዋለሁ።

«ኦሊምፒክ ሲሆን ሐዋሳ ውስጥ ቲቪ የማይከፍት ቡና ቤት የለም። የፓራሊምፒኩን ውጤት ግን የነገረን የለም። ፓሪስ ላይ ምን አገኘን?» (አንድ አባት፣ ከአቶቴ)

ሁለት ወርቅና አንድ ብር አግኝተናል፣ ጋሼ። እስቲ ከኦሊምፒኩ ጋር ያስተያዩት። በዚያው ክረምት፣ እዚያው ፓሪስ፣ የኦሊምፒክ ቡድናችን ያመጣው አንድ ወርቅና ሦስት ብር ነው። ወርቁም የታምራት ቶላ ማራቶን ነበር። በወርቅ ከቆጠርን የበለጠው የፓራሊምፒክ ቡድኑ ነው። የሄዱት አትሌቶች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ውድድሩ የተካሄደው ከነሐሴ 22 እስከ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። አገር በሙሉ የበዓል ዶሮና ሽንኩርት ዋጋ ሲያሳስበው ማለት ነው። ያየሽ ጌቴ ሙሉ በሙሉ ማየት ለተሳናቸው በሚዘጋጀው የ1500 ሜትር፣ ቲ11 በሚባለው ምድብ፣ 4:27.68 በሆነ ሰዓት የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ አሸነፈች። ትዕግስት ገዛኸኝ በጭላንጭል ለሚያዩት በተመደበው ቲ13 ወርቅ ወሰደች። እሷ ቶኪዮ ላይም አሸንፋለች፤ ያኛው የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የፓራሊምፒክ ወርቅ ነው። ይታያል ስለሺ ደግሞ በወንዶች ቲ11 ከብራዚላዊው ዬልትሲን ዣኪስ ቀጥሎ ገብቶ ብር አገኘ።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ ዜና አንባቢዎች ያየሽን ሲጠሩ «የአካል ጉዳት ሳይበግራት» ብለው ነው የሚጀምሩት። ሰዓቷን የሚናገር ጥቂት ነው። የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረች ሯጭ ናት እኮ! መጀመሪያ ሰዓቷ ይነገር።

«ሁሉም 1500 ሜትር ነው እንዴ? የረጅም ርቀት አገር አይደለንም?» (ስፖርት ወዳድ፣ ከታቦር)

ጥሩ ታዝበሃል። ነገሩ የፓሪስ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ፓራሊምፒክን የጀመረችው በ1968 እ.ኤ.አ. ቴል አቪቭ ላይ ነው። ከ1980 በኋላ ጠፍታ በ2004 አቴንስ ላይ ተመለሰች። የመጀመሪያው ሜዳሊያ የመጣው በ2012 ለንደን ላይ ነው። ወንድዬ ፍቅሬ የእጅ ጉዳት ባለባቸው ምድብ፣ ቲ46፣ በ1500 ሜትር ብር አገኘ። በ2016 እ.ኤ.አ. ሪዮ ላይ ታምሩ ደምሴ በቲ13፣ አሁንም በ1500 ሜትር፣ ብር ደገመ። ከዚያ ቶኪዮ፣ ከዚያ ፓሪስ። እስከ ፓሪስ ሦስት ወርቅና ሦስት ብር፣ ሁሉም ከአንድ ርቀት።

አንደኛው ምክንያት የውድድሩ ዝርዝር ነው። ፓራሊምፒክ ላይ 10 ሺህ ሜትር የለም። መሰናክልም የለም። ፓሪስ ላይ የማየት ችግር ያለባቸው ሴቶች ትራክ ላይ ከ1500 ሜትር የሚረዝም ርቀት አልነበራቸውም። ለወንዶቹ 5 ሺህ ነበር፤ ለሴቶች ግን 5 ሺህ የተዘጋጀው በዊልቸር ለሚወዳደሩት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ማራቶን ነው። ቲ46 ላይ ያሉት ወንዶችም በሩጫ የሚረዝምባቸው ይኸው 1500 ነው። እኛ የለመድነው በር ተዘግቶ የቀረን መስኮት ይኼ ነው።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው፤ ብዙም አይነገርም እንጂ ዋናው እሱ ይመስለኛል። ማየት የተሳነው ሯጭ ጫማ፣ አብሮት የሚሮጥ ሰውና እጃቸውን የሚያያይዝ አንድ ቁራጭ ገመድ ካገኘ ልምምድ ይጀምራል። የመወዳደሪያ ዊልቸር ግን በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። የሩጫ ሰው ሠራሽ እግርም እንደዚያው። ሌሎች አገሮች ሜዳሊያ የሚለቅሙት እዚያ ነው።

ሦስተኛ ደግሞ ምደባ የሚሉት አለ። አትሌቱ የትኛው ምድብ እንደሚገባ የሚወስኑት ዓለም አቀፍ መዳቢዎች ናቸው። የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃሉ፣ አይተው ይመረምሩታል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ውጭ አገር ባለ ውድድር ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ጎበዝ ልጅ ገና ምድቡ ሳይታወቅ የአውሮፕላን ትኬት ያስፈልገዋል። ሜዳሊያ ያመጣል አያመጣ ለማይታወቅ ልጅ ትኬት የሚቆርጥ ደግሞ ብዙ የለም። በሦስቱ ሜዳሊያ ደስ ብሎኛል፤ ግን ቡድኑ እንዲህ ጠቦ መቅረቱ ያናድደኛል።

«ገመድ ይዞ ከያየሽ ጋር የሚሮጠው ሰውዬ እየጎተታት አይደለም? እሱስ ሜዳሊያ ያገኛል?» (ወጣት፣ ከመናኸሪያ)

መጎተት ክልክል ነው፤ መግፋትም እንዲሁ። ገመዱ የማይለጠጥ ሆኖ ከ30 ሳንቲሜትር አይበልጥም። መጨረሻው መስመር ላይ አትሌቷ መቅደም አለባት። መሪው፣ ማለትም አብሯት የሚሮጠው ሰው፣ በትንሹም ቢሆን ከቀደማት ውጤቷ ይሰረዛል።

ቪዲዮውን ካገኘህ እጃቸውን ብቻ እየው። የተያያዙት ሁለት እጆች አብረው ወደ ፊት፣ አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከውስጥ በኩል ያሉት እግሮቻቸውም እኩል ይነሳሉ። ይህ ካልገጠመ ገመዱ በየእርምጃው ይነጥቃቸዋል። መሪው ደግሞ እየሮጠ ያወራል። ኩርባው ጋ ደረስን፣ ከፊት ሁለት ሰው አለ፣ በውጪ በኩል እንለፍ፣ ደወል ተደወለ ይላታል። በክብረ ወሰን ሩጫ ላይ ለወሬ የሚተርፍ ትንፋሽ ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ መሪ የሚሆነው ከአትሌቱ የሚፈጥን ሰው ነው። ሜዳሊያውንስ ላልከኝ፣ አዎ ያገኛል። የያየሽ መሪ ክንዱ ሲሳይ ነበር። አብሮ የሮጠ መሪ መድረኩ ላይ አብሮ ይወጣል።

ሕጉ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ልንገርህ። ፓሪስ ላይ በመጨረሻው ቀን በተካሄደው ማራቶን፣ ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ሦስተኛ ሆና ልትገባ ሁለት ሜትር ያህል ሲቀራት መሪዋን እግሩን ያዘው። ሊወድቅ ሲል ገመዱን ለቅቃ ደገፈችው። ተከታይዋ ከሦስት ደቂቃ በላይ ርቃ ነበር። የጠቀማት ነገር አልነበረም። ሆኖም ገመድ ለቀሻል ተብሎ ያን ቀን ነሐሱ ተወሰደባት። ለእኔ ፍርዱ ሕጋዊ ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይመስለኝም።

«ትዕግስት ብቻዋን ነው የሮጠችው። ታያለች ማለት ነው? ደግሞ ሪዮ ላይ ዓይነ ስውሮች ኦሊምፒኩን በሰዓት በለጡ የሚባለው እውነት ነው?» (ተማሪ፣ ከዩኒቨርሲቲው)

ቲ13 በመሪ አይሮጡም። ጥቂት ያያሉ፣ ግን እንደኔና እንዳንቺ አይደለም፣ እህቴ። ከቲ11 እስከ ቲ13 ባሉት የማየት ችግር ምድቦች ቁጥሩ ሲያንስ ጉዳቱ ይከብዳል። ቲ11 ላይ ያሉት ሁሉም ዓይናቸውን በጨለማ ጭንብል ይሸፍናሉ። ብርሃን ትንሽ የሚለይ ካለ ብልጫ እንዳይኖረው ነው።

የሪዮው ነገር እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚወራው። በቲ13 የ1500 ሜትር ፍጻሜ አልጄሪያዊው አብደልላጢፍ ባካ 3:48.29፣ የእኛው ታምሩ 3:48.49 ገቡ። አራተኛው ሳይቀር የኦሊምፒኩ አሸናፊ ማቲው ሴንትሮዊትዝ ከሮጠው 3:50.00 ፈጥኗል። ነገር ግን የኦሊምፒኩ ፍጻሜ ሆን ተብሎ የተጎተተ ሩጫ ነበር። እየተያዩ ዞረው ዞረው መጨረሻው ዙር ላይ ነው የተፈተለኩት። እነዚያው ሰዎች በሌላ ቀን ከዚያ እጅግ ይፈጥናሉ። በዚህ የታምሩ ሩጫ አያንስም። 3:48ን እስቲ ሐዋሳ ስታዲየም ሞክሪው።

«ልጄ መስማት አይችልም፤ ሩጫ ግን ይወዳል። ፓራሊምፒክ ይሄዳል?» (አንዲት እናት፣ ከሐይቅ ዳር)

ፓራሊምፒክ ላይ መስማት ለተሳናቸው ምድብ የለም፣ እናቴ። የራሳቸው ውድድር አላቸው፤ ዴፍሊምፒክ ይባላል። በ1924 እ.ኤ.አ. ፓሪስ የተጀመረ ነው፤ ከፓራሊምፒክም ይቀድማል። እዚያ ሩጫ የሚጀመረው በተኩስ ድምፅ ሳይሆን በመብራት ነው። አሁን የሚያስፈልገው ልዩ ነገር የለም። ከሰፈር ልጆች ጋር በማንኛውም ክለብ ይሩጥ። አሰልጣኙ ፊቱ ቆሞ በእጅ ምልክት እንዲያስነሳው ብቻ ይንገሩልኝ።

«ሁለት እግሬ አይሠራም። ዊልቸሬን ከብዙ ባለባጃጅ እኩል እነዳለሁ። በዚሁ መወዳደር እችላለሁ?» (ወጣት፣ ከአላሙራ)

ለልምምድ፣ አዎ። ከተማችን ከታቦርና ከአላሙራ ተራራ በቀር ሜዳ ናት፤ ክንድ ለማጠንከር ይመቻል። በውጭ ውድድር ግን የሚሮጡበት ሌላ ነው። ባለ ሦስት ጎማ፣ ረጅም፣ ዝቅ ብለህ የምትነዳው ነው፤ ዋጋውን ከላይ ብያለሁ።

እኔ ብትሰማኝ ውርወራውን ሞክር። አሎሎ፣ ዲስከስና ጦር ተቀምጠው የሚወረውሩባቸው ምድቦች አሉ። የሚወረወርበት ወንበር ጎማ የለውም፣ የሚንቀሳቀስ ክፍልም የለውም። መሬት ላይ በደንብ የሚታሰር የብረት ወንበር ነው፤ አንተም በቀበቶ ትታሰርበታለህ። ይህን ደህና በያጅ ይሠራዋል። የመቀመጫው ቁመት ከነትራሱ ከ75 ሳንቲሜትር እንዳይበልጥ አደራ በለው።