ገንዘቡ የት ገባ? የጋራ ክሊኒክና የዱላ ቅብብል

ሰላም ውድ ተመልካቾቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምንነጋገረው በርካታ ሐኪሞች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ስምና በአንድ ካዝና ተሰባስበው የሚሠሩበት የጋራ ክሊኒክ በንግድ ጎኑ እንዴት መመራት እንዳለበት ነው። የትርፍና ኪሳራ መግለጫን እና የሒሳብ ሚዛንን አነባበብ በቀደሙት ቪዲዮዎቻችን ስላየነው፣ ዛሬ እነርሱን እንደምታውቋቸው ቆጥሬ እቀጥላለሁ።

ከእናንተ ከሚደርሱኝ መልእክቶች መካከል በቃላቱ ቢለያይም በሐሳቡ አንድ የሆነ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። «ሐኪሞቻችን በሙያቸው የተመሰገኑ ናቸው፤ የመጠባበቂያው ወንበር ከጠዋት እስከ ማታ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ነገር ግን ወሩ ሲያልቅ ደመወዝ ለመክፈል እንጨነቃለን። ገንዘቡ የት ገባ?» ይላል። ገንዘቡ የት ገባ? ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ፤ መልሱን የምናገኘው ከሩጫ ሜዳ ነውና ወደዚያ እንሂድ።

የዱላ ቅብብልን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አራት ሯጮች፣ አንድ ዱላ፣ አራት መቶ ሜትር። እኔ በበኩሌ የጋራ ክሊኒክን አሠራር ከዚህ ውድድር የተሻለ የሚያስረዳልኝ ነገር ስላላገኘሁ፣ ትንሽ ጊዜ ወስደን ቀረብ ብለን እንየው።

ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ መቶ ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ። እስቲ በሐሳባችን አራት ቦልቶችን እናሰልፍና እያንዳንዳቸው በተራ በዚያው ሰዓት መቶ መቶ ሜትር ይሩጡ። 9.58 በአራት ሲባዛ 38.32 ሰከንድ ይሆናል። የጃማይካ የወንዶች ቡድን ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ላይ አራቱን መቶ ሜትሮች በ36.84 ሰከንድ ጨረሰ። ልብ በሉ፤ በዚያ ቡድን ውስጥ የነበረው ቦልት አንድ ብቻ ነው፤ ሆኖም ቡድኑ እኛ በሐሳብ ካሰለፍናቸው አራት ቦልቶች በአንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ቀድሞ ገባ። እንዴት ሊሆን ቻለ? ከመጀመሪያው ሯጭ በስተቀር ሌሎቹ ዱላውን የሚቀበሉት እየሮጡ ስለሆነ ነው። ተቀባዩ ዱላው ሳይደርስበት ይነሣል፤ ፍጥነቱን እየጨመረ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ ዘወር ብሎ አያይም፤ ሰጪውም አስቀድመው በተስማሙበት ቦታ ዱላውን መዳፉ ላይ ያሳርፍለታል። ሰጪው የት እንደሚሰጥ፣ ተቀባዩ መቼ እንደሚነሣ ሁለቱም ያውቃሉ።

ተቃራኒውን ደግሞ ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ቤጂንግ ላይ እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ2008ቱ ኦሊምፒክ የአሜሪካ የወንዶችም የሴቶችም የ4 በ100 ሜትር ቡድኖች በማጣሪያው ዱላቸውን ጥለው ለፍጻሜ ሳይደርሱ ቀሩ። እግራቸው ከማንም ያላነሰ ሯጮች ነበሩ። ዱላው ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መሬት ላይ ወደቀ፤ ዱላው ከወደቀ ደግሞ የእግር ፍጥነት ምንም አያደርግም።

አሁን ወደ ክሊኒካችን እንመለስ። ታካሚው ቀጠሮ ለመያዝ ስልክ ከደወለበት ደቂቃ አንሥቶ ክፍያው ባንክ እስኪገባ ድረስ አንድ ዱላ እጅ እየቀያየረ ይጓዛል። ቀጠሮ ያዡ ለካርድ ክፍል፣ ካርድ ክፍል ለነርሷ፣ ነርሷ ለሐኪሙ፣ ሐኪሙ ያየውንና የሠራውን ጽፎ፣ ሕመሙንና የተሰጠውን አገልግሎት ወደ ኮድ ለሚለውጠው ኮድ ሰጪ፣ ኮድ ሰጪው ለሒሳብ ክፍል፣ ሒሳብ ክፍል ደግሞ የክፍያ ጥያቄውን ለጤና መድን ድርጅቱ ያስተላልፋል። ስድስት ቅብብል ማለት ነው። ቀጠሮ ያዡ የመድን ካርዱን ቁጥር በአንድ አኃዝ ቢሳሳት፣ ሐኪሙ የሰፋውን ቁስል ርዝመት ሳይጽፍ ቢወጣ፣ ኮድ ሰጪው የሕመሙን ኮድ ከተሰጠው አገልግሎት ጋር የማይስማማ አድርጎ ቢያስገባ፣ ታካሚው ድኖ አመስግኖ ሄዷል፤ ገንዘቡ ግን መንገድ ላይ ወድቋል።

ይህን የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ከዓመታት በፊት በአንድ የጋራ ክሊኒክ ሒሳብ ክፍል በምሠራበት ጊዜ፣ የማተሚያ ወረቀት ልፈልግ ብዬ ከማተሚያው ሥር ያለውን መሳቢያ ሳብኩት። መሳቢያው ውስጥ ጠርዙ የተጣጠፈ ክላሰር አገኘሁ፤ ላዩ ላይ በተለጠፈች ቢጫ ወረቀት «ዶክተር ከዕረፍት ሲመለሱ ይፈርሙበታል» የሚል ጽሑፍ ነበረባት። ስቆጥራቸው 43 የክፍያ ጥያቄዎች ነበሩ። ሐኪሙ ከዕረፍት ከተመለሱ አራት ወር አልፏቸው ነበር፤ በየቀኑም በዚያ መሳቢያ አጠገብ ያልፋሉ። ከመድን ድርጅቱ ጋር የነበረን ውል የክፍያ ጥያቄ አገልግሎቱ በተሰጠ በ90 ቀናት ውስጥ እንዲቀርብ ስለሚያስገድድ፣ አንዱንም ማዳን አልቻልንም። ማንም አልሰረቀም፤ ማንም አልሰነፈም። ያን ክላሰር ያስቀመጠችው ሠራተኛ ወደ ሌላ የሥራ ክፍል ተዛውራ ነበር፤ ሐኪሙም የሚፈርሙት ነገር እንዳለ የነገራቸው አልነበረም። ሰጪዋ ዱላውን ዘርግታለች፤ ተቀባይ ግን አልነበረም። ገንዘቡ የት ገባ? መሳቢያ ውስጥ ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማምንበት አሠራር አንድ ነው። ለእያንዳንዱ ቅብብል ስሙ የታወቀ ተቀባይና የተቆረጠ ሰዓት ሊኖረው ይገባል። የሐኪሙ ማስታወሻ ቀኑ ሳይመሽ ይጠናቀቅ፤ ኮዱ በማግስቱ ይሰጠው፤ የክፍያ ጥያቄው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ይውጣ። ከዚህ ያለፈ ማንኛውም ፋይል በማግስቱ ጠዋት ከነተቀባዩ ስም በሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ በዝርዝር መገኘት አለበት። ዝርዝሩ ሰው ለመቅጣት ሳይሆን ዱላው የቆመበትን ቦታ ለማየት መሆኑን ሠራተኞቹ በደንብ ሊያውቁት ይገባል፤ አለበለዚያ ፋይሎቹ እንደገና ወደ መሳቢያ ይመለሳሉ።

አሁን ወደ ስሌቶቹ እንለፍና በፍጥነት እንጨርሳቸው። የመጀመሪያው ተሰብሳቢ ሒሳባችሁ የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ያልተሰበሰበውን ገንዘብ ለአማካይ የቀን ሒሳብ ታካፍላላችሁ። 1,800,000 ያልተሰበሰበ ገንዘብ ካለና በቀን በአማካይ የ40,000 ሒሳብ ከተጠየቀ፣ 45 ቀን ነው። ሁለተኛው፣ ያንኑ ተሰብሳቢ በዕድሜው መከፋፈል ነው፦ እስከ 30 ቀን፣ ከ31 እስከ 60፣ ከ61 እስከ 90፣ ከዚያ በላይ። የመጨረሻው ክፍል ካበጠ ችግሩ ሥር ሰድዷል። ሦስተኛው የተጣራ የመሰብሰብ አቅም ነው፤ ከመድን ድርጅቱ ጋር ያላችሁ ውል ከፈቀደላችሁ ገንዘብ ስንት ከመቶውን እንደሰበሰባችሁ ያሳያል። 100 ጠይቃችሁ ውሉ 70 ከፈቀደና 63 ከሰበሰባችሁ፣ ልካችሁ 63 ከመቶ ሳይሆን 63ን ለ70 አካፍላችሁ የምታገኙት 90 ከመቶ ነው። አራተኛው፣ ተቀባይነት ያጡ የክፍያ ጥያቄዎችን ከነምክንያታቸው መቁጠር ነው። በመጨረሻም ገንዘብ የሚቀበለው፣ የሚመዘግበውና ከባንክ ጋር የሚያመሳክረው ሰው በምንም ምክንያት አንድ መሆን የለበትም።

ይህን ርዕስ ባስተዋወቅሁበት አጭር ቪዲዮ ሥር በርካታ ተመልካቾች ተመሳሳይ አስተያየት ጽፈዋል። «ይህ ሁሉ ስሌት ለምን አስፈለገ? ብዙ ታካሚ ያየ ክሊኒክ ያተርፋል፤ ጥቂት ያየ ይከስራል» የሚል ነው። ላልፈው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ክሊኒኮችን ያዳከመው ይኸው እምነት ስለሆነ በቂ ጊዜ ልስጠው።

በመጀመሪያ፣ አስተያየቱ ግማሽ እውነት አለበት። ኪራዩ፣ የመሣሪያው ዋጋ፣ የቋሚ ሠራተኛው ደመወዝ ታካሚ ቢመጣም ባይመጣም ይከፈላሉ። ስለዚህ ባዶ ወንበር እስካለ ድረስ ተጨማሪ ታካሚ ከሚከፍለው ገንዘብ አብዛኛው ለክሊኒኩ ይተርፋል። ወንበሩ ሲሞላ ግን ታሪኩ ይለወጣል። በጣም ቀላሉን የወረፋ ሞዴል እንውሰድ፦ አንድ ሐኪም፣ አንድ ወረፋ፣ ያለ ቀጠሮ በዘፈቀደ የሚመጡ ታካሚዎች፣ ለአንድ ታካሚ በአማካይ 15 ደቂቃ። ሐኪሙ ከጊዜው 80 ከመቶውን ሥራ ላይ ከሆነ፣ ታካሚው ከበር እስከ በር በአማካይ 75 ደቂቃ ይቆያል። 90 ከመቶ ሲደርስ 150 ደቂቃ፣ 95 ከመቶ ሲደርስ 300 ደቂቃ ይሆናል። ሥራው ከ80 ወደ 95 ከፍ ሲል ቆይታው በአራት እጥፍ አደገ። ቀጠሮ ይህን ያቀልለዋል እንጂ አያጠፋውም። አምስት ሰዓት የጠበቀ ታካሚ ወደዚያ ክሊኒክ የሚመለስ አይመስለኝም፤ ሐኪሙም በዚያ ጥድፊያ ማስታወሻውን በሙሉ አይጽፍም። ሩጫው በፈጠነ ቁጥር ዱላው ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ ከመድን ድርጅቱ ጋር ያላችሁን ውል አንብቡ። አንድ ውል ለአንድ ምርመራ 200 የሚከፍል ከሆነና የላቦራቶሪ ግብዓቱና አላቂ ዕቃው ብቻ 230 የሚፈጅ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ታካሚ 30 ይጎድላል፤ በሺህ ታካሚ 30,000 ይጎድላል። በብዛት የሚካስ ኪሳራ የለም። ውሉ በአገልግሎት ብዛት ሳይሆን በተመዘገበ ሰው ቁጥር የሚከፍል ከሆነ ደግሞ፣ ያው ሰው በወር አንድ ጊዜም መጣ አራት ጊዜ የሚገባው ገንዘብ አይለወጥም።

ሦስተኛው የሁሉም ቁልፍ ነው፤ መጀመሪያ ያዙልኝ ያልኳችሁም ጥያቄ እዚህ ይመለሳል። ታካሚው በዛ፤ መልካም። የነርሷ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የጓንቱና የመርፌው ዋጋ የሚከፈለው በዚህ ወር ነው። የመድን ድርጅቱ ገንዘብ የሚገባው ግን ከ45 ወይም ከ60 ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ ክሊኒኩ በፍጥነት ባደገ መጠን በእጁ ያለው ጥሬ ገንዘብ ይሳሳል። መግለጫው ትርፍ ያሳያል፤ ካዝናው ባዶ ነው፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። የመሰብሰቢያው ቀን ከ45 ወደ 35 ቢወርድ፣ በቀደመው ምሳሌያችን የ10 ቀን ሒሳብ፣ ማለትም 400,000፣ አንድም ታካሚ ሳይጨመር ወደ ካዝና ይገባል። «ታካሚ እንጨምር» የሚለውን ውሳኔ ከመወሰናችሁ በፊት ይህን እንድታሰሉት አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

የሐኪሞች በጋራ መሥራት ያለ አስተዳደር እንደማይጸና ከሁሉም በፊት ከተረዱት አንዱ የማዮ ወንድማማቾች ክሊኒክ ነው። በአሜሪካ፣ በሚኒሶታዋ ሮቸስተር የሚገኘው ይህ ክሊኒክ ሐኪሞቹ እየበዙ ሲሄዱ፣ እያንዳንዱ ሐኪም የታካሚውን ታሪክ በየራሱ መዝገብ ይጽፍ ነበርና፣ ሦስት ሐኪሞች ያዩትን አንድ ሰው ታሪክ ለማግኘት ሦስት መዝገብ ማገላበጥ ግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 የተቀላቀሉት ዶክተር ሄንሪ ፕለመር በ1907 ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ቁጥርና አንድ ፋይል እንዲኖረው አደረጉ፤ ፋይሉም ታካሚውን ተከትሎ ይሄዳል። ዱላው አንድ ሆነ ማለት ነው። በ1908 ደግሞ ሐኪም ያልሆኑት ሃሪ ሃርዊክ ተቀጠሩና የክሊኒኩን የንግድ ሥራ ለረጅም ዓመታት መሩ። ሐኪም ያልሆነ ሰው ሐኪሞችን ሊያስተዳድር አይችልም የሚሉኝ ተመልካቾች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ በእኔ እምነት ሥራ አስኪያጁ በሕክምናው ውሳኔ ጣልቃ እስካልገባ ድረስ፣ ሐኪሙም በሒሳቡ አሠራር ራሱን ከደንቡ ውጭ እስካላደረገ ድረስ፣ ሁለቱ ተከባብረው ይሠራሉ።

የትርፍ ክፍፍሉ ሰፊ ጉዳይ በመሆኑ ራሱን የቻለ ቪዲዮ እያዘጋጀሁለት ነው፤ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ደወሏን ተጫኗት። ለዛሬው የሚያስፈልገንን ያህል ግን ልበል። እኩል መካፈል ሰላም ይሰጣል፤ ብዙ የሚሠራው ሐኪም ግን ውሎ አድሮ ቅር ይለዋል። በሠሩት ልክ መካፈል ትጋትን ይጨምራል፤ ሐኪሙ ግን ወደ ባልደረባው መላክ የሚገባውን ታካሚ ይዞ እንዲያስቀር ይፈትነዋል። እኔ የምመርጠው መሠረታዊ ደመወዝ ለሁሉም አስቀምጦ፣ ቀሪውን በሥራ መጠን ማከፋፈልና ከዚያ ውስጥ አንዱን ክፍል ማስታወሻውን በሰዓቱ ላጠናቀቀ ሐኪም ማሰብ ነው። ማስታወሻ በሰዓቱ ማጠናቀቅ ማለት ዱላውን በተባለው ቦታ ማቀበል ነውና።

ነገ ጠዋት ክሊኒካችሁ ስትገቡ፣ ከሦስት ወር በፊት ከነበረ አንድ ተራ የሥራ ቀን 20 ታካሚዎችን ያለ ምርጫ አውጡ። የእያንዳንዳቸውን ፋይል ይዛችሁ ከቀጠሮው መዝገብ እስከ ባንክ ደረሰኙ ድረስ በእግራችሁ ተከተሉት፤ በኮምፒውተር ብቻ አትወሰኑ፤ ወደየጠረጴዛው ሂዱ፤ መሳቢያውንም ሳቡት። ከሃያው ስንቱ ባንክ እንደደረሰ፣ ያልደረሰው በየትኛው ቅብብል ላይ እንደቆመ ቆጥራችሁ፣ የታካሚዎቹን ስም ሳትጠቅሱ ቁጥሩን ብቻ በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ።