አንድ መደርደሪያ ስጡን
(በቱሉ ዲምቱ በአካባቢው ቤተ መጻሕፍት ምረቃ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ውድ ልጆቻችን፤ እንኳን ለዚህ ቀን አደረሳችሁ።

ይህ ክፍል በእናንተ መዋጮ ቆሟል። ለኮሚቴው ምስጋናዬ የላቀ ነው። መጻሕፍቱ ተደርድረዋል፣ ኮምፒውተሮቹም ተተክለዋል። እኔ የምናገረው ስለቀረው አንድ መደርደሪያ ነው። ለዘፈን ካሴትና ለሸክላ ቦታ እንዲሰጠን ብጠይቅ «ምን ያደርጋል? ሁሉም ስልክ ላይ አለ» ተባልኩ። ሁሉም የለም!

ከአራት ኪሎ ተነሥተን ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት ሙዚቃ ቤት እንደነበረኝ ታውቃላችሁ። ቴፕ ክሩን የበላውን ካሴት በእርሳስ እየጠቀለልኩ፣ የተበጠሰውን እየቀጠልኩ ስንቶቻችሁን አስደስቻለሁ። በመጣን በሁለተኛው ዓመት አንዲት ጎረቤታችን ካሴት ይዘው ቤቴ መጡ። ሟች ወንድማቸው ሳክስፎን ተጫዋች ነበሩ። የልጅ ልጃቸው ዘፈኑን ከስልክ አውጥቶ አሰምቷቸዋል፤ የዘፋኙ ፎቶግራፍ አለ፣ የዘፋኙ ስም አለ። «ወንድሜስ የት ገባ?» አሉኝ። የካሴቱን ሽፋን አወጣሁት። ወረቀቱ ከማርጀቱ የተነሣ እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩላቸው፤ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። ከሁሉም በታች በደቃቅ ፊደል «ሳክስፎን» ይልና የወንድማቸው ስም ከነአባቱ ሰፍሯል። ጣታቸውን ስሙ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ቴፕ ስለሌላቸው ካሴቱን እኔ ዘንድ ትተው፣ ወረቀቱን ብቻ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወሰዱት።

እኔ የምለው ይህን ነው። ያን ዘፈን ያቆሙት አምስት ስድስት ሰዎች ናቸው፤ ስልኩ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። ገጣሚው የት ሄደ? ከበሮ መቺው ሰው አይደለም? አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪ ስሙ የመጠቀስ መብት አለው ይላል። ታዲያ ስሙን የጻፍንበትን ወረቀት ከቆሻሻ ጋር የምናወጣው በምን አንጀታችን ነው? አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሸክላ ማሳተም የጀመረው፣ ፈቃዱ የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ነው እየተባለ፣ ሊታሰር እንደሚችል እያወቀ ነው። ያን ዘመን ሙዚቃ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮጲክስ» ብሎ በሲዲ ያወጣው የፈረንሳይ ሰው፣ ስለ ሙዚቀኞቹ የሚተርክ ጽሑፍ ከየሲዲው ጋር አያይዟል። ባዕድ ያከበረውን እኛ በማዳበሪያ ጆንያ አስረን በረንዳ ላይ ዝናብ እናስመታዋለን!

ስልኩን አልጠላም። ልጄ ባሕር ማዶ ሆና በእሱ ታዳምጣለች። ነገር ግን በኪራይ የሚሰማ ዘፈን ባለቤቱ ውሉን ባቋረጠ ማግስት ይነሣል፤ በብራችን የገዛነውን ካሴት ማንም መጥቶ አይወስድብንም።

ስለ አያያዙ ባጭሩ፦ ካሴት ሙቀትና እርጥበት አይስማማውም፣ ከድምፅ ማጉያ አጠገብም አይቀመጥ፤ ማግኔቱ ቅጂውን ያበላሻል።

ሁለት ካርቶን ይዤ መጥቻለሁ፤ በር ላይ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቴፑ ጋር እዚሁ እቀመጣለሁ። ያላችሁን አምጡ። ክሩ የተበጠሰ፣ ሳጥኑ የተሰበረም ቢሆን ሽፋኑ ካለ አምጡት፤ ስሞቹን በደብተር እንጽፋቸዋለን።