የልጅ ስኳር፣ የአዋቂ ስኳር

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ እንግዳ የለም። ወሬውም የቤቴ ወሬ ነው።

እህቴ ያኔ 36 ዓመቷ ነው። እጇን ስትታጠብ ቀለበቷ ከጣቷ ሾልኮ ወደቀ። ሳቅን። ኪሎ ቀንሳ ስለነበር ሁላችንም «አማረብሽ» እንላታለን። ማታ ማታ ራስጌዋ ትልቅ ጠርሙስ ውሃ ታስቀምጣለች፤ ሲነጋ ባዶ ነው። ይሄን ሳናየው ቀርተን አይደለም። አይተነዋል፤ ልብ አላልነውም።

ስትመረመር ስኳር ተገኘባት። ሐኪሙ ዕድሜዋን ጠየቃት፣ ከዚያ ቤተሰብ ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው አለ ወይ አላት። አባታችን አለበት፤ በ61 ዓመቱ ነው የጀመረው። በቃ። «ዓይነት ሁለት ነው» ተባለች፣ ሰዉ «የአዋቂ ስኳር» የሚለው፣ ኪኒን ታዘዘላት። ስምንት ወር ዋጠች። ስኳሯ ግን አልወርድ አለ። እኛ ደግሞ፣ ይቅር ይበለን፣ ተደብቃ ጣፋጭ ትበላለች ብለን ጠረጠርናት። አንድ ቀን ቦርሳዋን ከፍቼ አይቻለሁ። ይሄን እስከዛሬ አልነገርኳትም፤ ይሄን ከሰማች እንግዲህ ሰማች።

ሌላ ሐኪም ነው የደም ምርመራ ያዘዘላት። ሰውነቷ በገዛ ቆሽቷ ላይ እንደዘመተ የሚያሳዩ ፀረ እንግዳ አካላት ተገኙ። ዓይነት አንድ። ሰዉ «የልጅ ስኳር» የሚለው። የሚያስፈልጋት ኢንሱሊን ነበር፤ ቆሽት የሚሠራው፣ የደም ስኳርን የሚያወርደው፣ በመርፌ የሚሰጠው።

ከዚያ በኋላ እኔ ማንበብ ጀመርኩ። ምናልባት ከጥፋተኝነት ስሜት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የእንግሊዝ አገር ጥናት አገኘሁ። ዩኬ ባዮባንክ በሚባለው፣ የብዙ ሰዎች የጤናና የዘረመል መረጃ በተከማቸበት ክምችት ላይ የተሠራ ነው፤ ዓይነት አንድን በዘረመል፣ በጂን ማለት ነው፣ ለይተው ነው የቆጠሩት። እስከ 60 ዓመት ድረስ ከሚከሰተው ውስጥ 42 በመቶው የመጣው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ታዲያ የቱ ጋ ነው የልጅ ስኳርነቱ?

ጂን በዕድሜው ላይ እጁ የለበትም ማለቴ አይደለም። ስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ኤችኤልኤ የሚባሉ ጂኖች አሉ። የሰውነት መከላከያ የራሱን ከባዕዱ እንዲለይ የሚረዱ ናቸው። ከእነሱ ዲአር3 የሚባለውን ዓይነት ከአንዱ ወላጅ፣ ዲአር4 የሚባለውን ከሌላው የወረሰ ሰው አደጋው ከፍ ያለ ነው፤ የሚይዘውም ብዙ ጊዜ በልጅነቱ ነው። ግን ደግሞ መልካቸው አንድ፣ ጂናቸው አንድ የሆነ መንትዮች አሉ፤ አንዱን በልጅነቱ ይይዘዋል፣ ሌላው ዓመታት ቆይቶ ይያዛል፣ ወይ ጭራሽ አይያዝም።

እኔን ያስገረመኝ ግን የዚህ ግልባጭ ነው። ገና ስድስት ወር ሳይሞላቸው ስኳር የሚይዛቸው ሕፃናት አሉ። ሕፃን ከሆነ ዓይነት አንድ ነው ተብሎ ኢንሱሊን ይወጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የብዙዎቹ ችግር ኬሲኤንጄ11 የሚባል አንድ ጂን ላይ ያለ ለውጥ መሆኑ ታወቀ። ኢንሱሊኑ ቆሽታቸው ውስጥ አለ፤ የሚለቀቅበት በር ነው አልከፈት ያለው። በሩን የሚከፍተው ደግሞ ድሮ ጀምሮ ለአዋቂዎች የሚሰጥ ኪኒን ነው! አብዛኞቹ ከመርፌ ወደ ኪኒን ዞሩ። እህቴ ኪኒን ስትውጥ መርፌ ነበር የሚያስፈልጋት፤ እነዚያ ሲወጉ ኪኒን። ሁለቱንም ያሳሳተው ዕድሜያቸው ነው።

አንድ ልጨምር። ሞዲ የሚባል፣ በአንድ ጂን ብቻ የሚወረስ የስኳር ዓይነት አለ። ወላጅ ካለበት ልጁ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ ኤችኤንኤፍ1ኤ በተባለው ጂን የሚመጣው ነው። እናትየው በእርግዝናዋ ጊዜ ስኳሩ ከነበረባት፣ ጂኑን የወረሰው ልጅ በአማካይ 12 ዓመት ያህል ቀድሞ ይያዛል። ጂኑ ያው ነው፤ ልዩነቱ ማህፀን ውስጥ የደረሰው ስኳር ነው። ይሄን ካነበብኩ በኋላ «ከማን ወረስሽው?» የሚል ጥያቄ ሲያነሱ ዝም እላለሁ።

የአባቴስ? የእሱ ዓይነት ሁለት ነው። እዚያ ብዙ ጂኖች ናቸው ትንሽ ትንሽ የሚያዋጡት፤ ኑሮው ይጨመርበታል። ስለሱ ሌላ ቀን።

አሁን ቤታችን ውስጥ ያለው ክርክር የእህቴ ልጅ ናት። አምስት ዓመቷ ነው። ትመርመር? አትመርመር? በፊት ብታውቂው ምን ታደርጊበታለሽ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ቴፕሊዙማብ የሚባል መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ምልክቱ ሳይወጣ ለተደረሰባቸው ሰዎች ዓይነት አንድን በሁለት ዓመት ገደማ ያዘገያል። ያኔ የተፈቀደው ግን ከስምንት ዓመት ጀምሮ ላሉ ነበር። እህቴ «ሦስት ዓመት ቁጭ ብዬ ልፈራ ነው?» አለች። እኔም መልስ አላገኘሁላትም።

ባለፈው ቤቷ ቁጭ ብለናል። ጣቷን ወጋች፣ ደሟን መለኪያው ላይ ነካ አደረገች። ትንሿ መጣችና ጣቷን ዘረጋች። «የኔንም!» አለች፣ እየሳቀች። እህቴ መርፌውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።