ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው ጂፒኤ እና የሕክምና ትምህርት ቤት የሚመዝነው ጂፒኤ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤

ዛሬ ስለ አንድ ቁጥር ልነግራችሁ ቆሜአለሁ። በዋሽንግተን አካባቢ ከምናሳድጋቸው ልጆች ብዙዎቹ በሞንጎምሪ ኮሌጅ ወይም ኖቫ በሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሌጅ ጀምረው ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራሉ፤ ሐኪም ወይም ጠበቃ የመሆን ሕልም ያላቸውም ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ልጆች ዩኒቨርሲቲያቸው ትራንስክሪፕታቸው ላይ ያተመውን ጂፒኤ አይተው ልባቸው ያርፋል። የሚያመለክቱበት ትምህርት ቤት የሚመዝናቸው ግን እንደ አዲስ በተሰላ ሌላ ቁጥር ነው።

ወደ አብዛኞቹ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚላከው ማመልከቻ የሚያልፈው የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በሚያስተዳድረው አምካስ በሚባለው አገልግሎት በኩል ነው። አምካስ ተማሪው ከተማረባቸው የአሜሪካ ኮሌጆች ሁሉ ትራንስክሪፕት ይጠይቃል፤ አንድ ክረምት ብቻ የተማሩበት ኮሌጅ እንኳ አይቀርም። ከዚያም የእያንዳንዱን ኮርስ ውጤት በክሬዲቱ እያባዛ በራሱ ሕግ ያሰላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ኮርስ ሲደገም የኋለኛውን ውጤት ብቻ ይቆጥራሉ፤ አምካስ ግን የፊተኛውንም የኋለኛውንም ይቆጥራል።

በምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ባለ 4 ክሬዲት ኬሚስትሪ ወስዳ ዲ (በክሬዲት 1 ነጥብ) አገኘች እንበል። አልተሸነፈችም፤ ደግማ ወስዳ ኤ (በክሬዲት 4 ነጥብ) አመጣች። የሌሎቹ 24 ክሬዲቶቿ አማካይ ውጤት 3.5 ነው። ዩኒቨርሲቲዋ ዲውን ትቶ 100 ነጥብ ለ28 ክሬዲት ሲያካፍል 3.57 ይደርሳል። አምካስ ሁለቱንም ይዞ 104 ነጥብ ለ32 ክሬዲት ሲያካፍል ግን 3.25 ብቻ ይወጣል። በዚህ ላይ የባዮሎጂ፣ የኬሚስትሪ፣ የፊዚክስና የሒሳብ ኮርሶች ለብቻቸው ተሰልተው ሌላ አማካይ ስለሚወጣላቸው ያ ዲ እዚያ ውስጥ የባሰ ይጎዳታል። ዲ.ኦ. የሚባለውን የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጡት የኦስቲዮፓቲ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የማመልከቻ አገልግሎት ቀድሞ የኋለኛውን ውጤት ብቻ ይቆጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ግን እሱም ሁሉንም ሙከራ ይቆጥራል። ስለዚህ የቆየ ምክር ይዞ የሚመክራችሁ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ደግማችሁ አጣሩ።

ወላጆች በተለይ ይህን ያዙልኝ፤ ልጃችሁ ገና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ለኮሌጅ ክሬዲት የወሰደው ኮርስም በዚሁ ስሌት ውስጥ ይገባል። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ያለ ዝግጅት የገባበት ክፍል፣ ከዓመታት በኋላ ሐኪም ለመሆን ሲያመለክት አብሮት ይቀርባል። ክፍያው ስለቀነሰ ብቻ ልጅን ከአቅሙ በላይ ኮርስ ማስመዝገብ ያሳስበኛል።

የሕግ ትምህርት ቤት የሚፈልጉት መንገዳቸው የተለየ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት አመልካቾችን ጂፒኤ የሚያሰላው ኤልሳክ የተባለ ተቋም ኤ ፕላስን 4.33 አድርጎ ሲቆጥር አምካስ ግን ከ4.0 አያሳልፈውም። ኤልሳክ የሚያሰላው ግን የመጀመሪያው ዲግሪ እስኪገኝ ድረስ የተወሰዱትን ኮርሶች ብቻ ስለሆነ፣ ከተመረቁ በኋላ ተጨማሪ ኮርስ ወስዶ ጂፒኤን ማንሳት አይቻልም። ለሕክምና የሚያመለክት ሰው ከምረቃ በኋላ የወሰዳቸው የባችለር ደረጃ ኮርሶች ግን ይቆጠሩለታል፤ ቁጥሩ የሚነሣው ቀስ ብሎ ቢሆንም ይነሣል።

በመካከላችን በአዲስ አበባ፣ በጎንደር ወይም በጅማ ተምራችሁ ዲግሪ ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ። በአገር ቤት ያገኛችሁት ውጤት አምካስ በሚያሰላው ጂፒኤ ውስጥ አይገባም። በመብራት እጦት በሻማ ተጠንቶ የተገኘ ውጤት ከስሌት ውጭ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ሆኖም ሕጉን አውቆ መነሣት ይሻላል። ጂፒኤያችሁ እዚህ በምትወስዷቸው ኮርሶች ብቻ ስለሚሠራ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ለእናንተ እጅግ ከባድ ሚዛን አለው። ሥራ ከበዛባችሁ አራት ኮርስ አትውሰዱ፤ ሁለት ወስዳችሁ በደንብ ሥሩ። ኮርሱ ካልሆነላችሁም የማቋረጫው ቀን ሳያልፍ ውጡ፤ በትራንስክሪፕቱ ላይ ኮርሱን ማቋረጣችሁን የሚያመለክት ደብልዩ ይታያል፣ በአምካስ ስሌት ግን እንደ ኤፍ አይቆጠርም።

ትራንስክሪፕታችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ጎን ባለው ጠረጴዛ ኑ፤ ወረቀትና ካልኩሌተር አዘጋጅቻለሁ። የደገማችሁትን ኮርስ ሳትደብቁ ከላይ ጻፉ፤ ከእሱ ጀምረን አብረን እናሰላለን።